ሽፈራው ረጭተን ከካድሚየም አናመልጥም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ልኮልኝ አነበብኩት። ስለ ሩዝና ስለ አፈር ብክለት ነው። ጸሐፊው የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ናቸው። ለአገራቸው ገበሬ አስበው መጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ መልሴም በአክብሮት ነው። ግን ዝም ብሎ ቢታለፍ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ስላለበት ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ሩዝ ወደ ዞናችን ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ ዙሪያ መምጣቱ አይቀርም። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ፍሳሽ ደግሞ ያንን አፈር እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና አርሴኒክ ባሉ፣ ከባድ ብረት በሚባሉ መርዛማ ነገሮች ይበክለዋል። ሆኖም መፍትሔው በእጃችን ነው። ከዕፅዋት የሚገኙ ውህዶችን፣ ማለትም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሜላቶኒን ወይም የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ብንረጭ ሩዙ መርዙን አያስገባም። እንዶድ ቢልሃርዝያን እንዳሸነፈ ሁሉ እነዚህም ብክለትን ያሸንፋሉ። የተፈጥሮ ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም። ርካሽ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹን በቁጥጥር ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ጊዜ እንስጣቸው።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልቀበል። ሳሊሲሊክ አሲድና ሜላቶኒን ዕፅዋት ራሳቸው የሚሠሯቸው ውህዶች ናቸው። ሳሊሲሊክ አሲድ በወንዝ ዳር ከምናውቀው ከአኻያ ወገን ዛፎች ልጥ ጋር ስሙ የተያያዘ የአስፕሪን ዘመድ ነው። በካድሚየም የተጎዳ የሩዝ ችግኝ ላይ እነዚህ ሲጨመሩ ቅጠሉ እንደሚያገግም፣ ሥሩ እንደሚረዝም ያሳዩ ሙከራዎች በርካታ ናቸው። አንዳንዶቹ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው ካድሚየም መቀነሱንም መዝግበዋል። ይህ የሚናቅ ሳይንስ አይደለም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ቆጥሯል። አንዱ ተክሉን ከጉዳት መጠበቅ ነው። ሌላው ሩዙን የሚበላውን ሰው መጠበቅ ነው። ቅጠሉ ለመለመ ማለት ፍሬው ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከጂኦግራፊው ልጀምር

ይህኛው ነጥብ አጭር ነው፣ ግን መነሻውን ያናጋል። ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ፍሳሽ ወርዶ የሸዋ ሮቢትን አፈር ይበክላል ብለዋል። ውሃው በዚያ አይሄድም። ደብረ ብርሃን ያለው በበሬሳ ወንዝ ዳር ነው። በሬሳ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ወደ ዓባይ። ሸዋ ሮቢት ያለው ደግሞ ከጣርማ በር ወዲያ፣ ገደሉን ወርደው ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ ነው። የዚያ በኩል ወንዞች፣ ሮቢም ጀውሃም፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚሄዱ ናቸው። ጣርማ በር ውሃው ወደ ሁለት ወገን የሚከፈልበት ነው። እዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገኑ ዓባይን፣ በሌላው አዋሽን ይዞ ነው የሚቆመው።

በሬሳ ዳር ደግሞ ሩዝ አይበቅልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ይላል። ውርጩ ገብስና ባቄላን እንኳ የሚያቃጥልበት አገር ነው። ሩዝ ብርድ አይወድም። የአገራችን ዋና የሩዝ ምድር የሆነው የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያም ቢሆን እንደ ኤክስ ጅግና ያለ ብርድ የሚችል ዝርያ ነው አካባቢውን የለመደው።

ታዲያ የበሬሳ ፍሳሽ አያሳስብም ማለቴ ነው? በፍጹም። የሚያሳስበው ግን ሌላ ቦታና ሌላ ሰብል ላይ ነው። ከከተማው በታች በወንዙ ውሃ ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ሰው አለ። ቅጠላ ቅጠል ካድሚየምን በመሰብሰብ ከሚታወቁት ሰብሎች መካከል ነው። ለበሬሳ ገበሬና ለደብረ ብርሃን ሸማች መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ሩዝ አይደለም፤ ስለ ቆስጣው ነው። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አላነሳውም።

ሩዝም ቢሆን ግን አይመለከተንም አልልም። ሩዝ የማይዘራው የዞናችን ሰው ሩዝ ይበላል። በየከተማው ጤፍ ሲወደድ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ መጋገር የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ የሩዝ ንጽሕና የእኛም ጉዳይ ነው፤ የትም ይብቀል።

መርዙ አይገባም ስለሚለው

የጽሑፉ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የሩዝ ሥር ማንጋኒዝ ይፈልጋል። ማንጋኒዝ ምግቡ ነው። ከአፈር የሚያስገባበት የራሱ አጓጓዥ ፕሮቲን አለው፤ ተመራማሪዎች ኤንራምፕ5 ይሉታል። ይህ ፕሮቲን ማንጋኒዝን ከካድሚየም ለይቶ አያውቅም። ካድሚየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ ሟምቶ ካገኘው እሱንም ይዞ ይገባል። ከገባ በኋላ ሥሩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ከፊሉን በሴሉ ከረጢት ውስጥ አስረው ያስቀሩታል። ያልታሰረው ወደ ግንዱ ይወጣል። ከዚያ ዛላው ሲሞላ ወደ ፍሬው ይገባል።

እንግዲህ ቅጠል ላይ የተረጨ ጭማቂ የቱ ጋ ነው የሚሠራው? ባብዛኛው የሚሠራው ጉዳቱ ላይ ነው። ካድሚየም ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉን የሚያቃጥሉ ኦክሲጅን ወለድ ውህዶች ይበዛሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሜላቶኒን፣ ሽፈራው ውስጥ ያለው ዚያቲን የተባለ ሆርሞን ተክሉ ይህን ቃጠሎ እንዲቋቋም ያግዙታል። ቅጠሉ ቢጫ መሆኑ ይቀንሳል። ተክሉ ይቆማል። ካድሚየሙ ግን አልጠፋም። አፈሩ ውስጥ ነበር፣ አሁንም አለ። መግቢያውም ክፍት ነው።

ሙከራዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። አብዛኞቹ የሚሠሩት በችግኝ ነው። የሩዝ ዘር ይበቅላል፣ ችግኙ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ የካድሚየም ጨው ይጨመርበታል። ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ የሥሩ ርዝመት፣ የቅጠሉ አረንጓዴነት፣ ቃጠሎውን የሚያበርደው ጸረ ኦክሲዳንት መጠን ይለካል። ከዚያ ያበቃል። ያ ችግኝ ዛላ አላወጣም። ፍሬ አልያዘም። ማንም አልበላውም። ፍሬ ድረስ የዘለቁና ፍሬው ውስጥ የካድሚየም መቀነስ ያገኙ ሥራዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ውጤታቸው እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ መጠኑ ይለያያል። ከዚህ ተነስቶ ለሸዋ ሮቢት ገበሬ መርዙ አይገባም ብሎ ማረጋገጫ መስጠት ውሃ አያነሳም።

አሁን አደገኛው ነገር ይምጣ። ካድሚየም ተክሉን ሳይጎዳ ሰውን መጉዳት የሚችል ነገር ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ለተፈተገ ሩዝ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ነው። ቻይና 0.2 አድርጋዋለች። በኩንታል እናስላው። 100 ኪሎ ሩዝ ውስጥ 40 ሚሊ ግራም ካድሚየም ካለ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ይህ ከአንድ ቁንጥር ጨው በብዙ ያነሰ ነው። ይህን ያህል ካድሚየም ፍሬው ውስጥ እያለ ሩዙ ማሳ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ለምለም ነው። ዛላው ሙሉ ነው። ገበያ ላይ ነጭና ያማረ ነው።

ገበሬው አፈሩ ላይ ችግር እንዳለ የሚጠረጥርበት አንድ ምልክት ቢኖር የቅጠሉ መቀየር ነው። ረጭተን ያንን ምልክት ካጠፋን፣ ፍሬውን ግን ካልለካን፣ ያደረግነው ምንድን ነው? ችግሩን ከዓይናችን ሰወርነው። ጸሐፊው ይህን ፈልገው እንዳልጻፉ አምናለሁ። ምክራቸው እንደወረደ ሥራ ላይ ቢውል ግን የሚሆነው ይህ ነው።

ሰው አካል ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ካድሚየም የሚለቅ እንግዳ አይደለም። ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። የገባው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ኩላሊቱን ቀስ እያለ ያደክማል፣ አጥንትን ያሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ወደ ሰውነቷ ታስገባዋለች፤ አንጀት ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ሲያጣ ካድሚየምን በምትኩ ይስባል። ደም ማነስ በእናቶቻችን ዘንድ ምን ያህል እንደሚታይ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ይህ በወሬ የምንሰማው ነገር ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ፣ ቶያማ በሚባል አውራጃ፣ የጂንዙ ወንዝ አለ። ከላይ በኩል የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ነበር። ከማዕድኑ የወጣው ካድሚየም በወንዙ ወርዶ የሩዝ ማሳዎች ውስጥ ገባ። ሩዙን ሲበሉ የኖሩ ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉና ብዙ የወለዱ ሴቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ እንቅስቃሴ መሰበር ጀመረ። የጃፓን መንግሥት በሽታው ከብክለት የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 በይፋ ተቀበለ። አፈሩን የማደስ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ ያለቀው በ2012 ነው። የተበከለውን አፈር ቀብረው ወይም አንስተው በላዩ ንጹሕ አፈር አለበሱበት። 33 ዓመት የፈጀ ሥራ ነው፤ ያውም በሀብታም አገር። ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር ቢበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ መከራ ባላዩ ነበር።

እንዶድን ያለ ቦታው አናስገባው

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩትን ሁላችንም እናውቃለን። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ ታዝበው ብቻ አልቀሩም፤ ዓመታት የፈጀ የምርምር ሥራ ተከተለ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ልንኮራበት የሚገባ ነው።

ግን እንዶድ ያደረገው ምንድን ነው? ውስጡ ያለው ሳፖኒን የተባለ ውህድ የቀንድ አውጣውን ሴል ያፈርሳል። ቀንድ አውጣ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ ይሞታል። ካድሚየም ሕይወት የለውም፤ ኤለመንት፣ ማለትም መሠረታዊ ንጥረ ነገር ነው። አይሞትም፣ አይበሰብስም፣ ወደ ሌላ ነገር አይፈርስም። ፀረ ተባይ እንኳ በፀሐይና በአፈር ተሕዋስያን ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ካድሚየም ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላም ካድሚየም ነው። ማድረግ የሚቻለው ከቦታው ማንሳት ወይም አፈሩ ውስጥ አስሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የእንዶድ ምሳሌ እዚህ አይሠራም።

በዚያው ላይ እንዶድ ራሱ ጸሐፊው የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም ላሉት ጥሩ መልስ ነው። ዓሣ ይገድላል። የጉሎ ፍሬም የተፈጥሮ ነው። አርሴኒክም ከዐለት የሚወጣ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ራሱ መጠኑ ከበዛ ሩዙን ያቃጥላል፤ የሚጠቅመውና የሚጎዳው መጠን ርቀታቸው ጠባብ ነው። ሜላቶኒን ደግሞ ብርሃን ያበላሸዋል። በዚያ ላይ ለማሳ በሚበቃ መጠን የሚሸጠው ሜላቶኒንም ሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ከቅጠል የተጨመቀ ሳይሆን ፋብሪካ የሠራው ነው። ገበሬው የሚገዛው ኬሚካል ነው፤ እንደማንኛውም ኬሚካል መጠኑና ዋጋው ሊነገረው ይገባል።

ስለ ሽፈራው

ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ከቀወት ወረዳ፣ አንድ አባት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሽፈራው ጓሮዬ አለ። ቀቅዬ ልርጨው ወይስ ጨምቄ?»

«ጋሼ፣ ምን ላይ ሊረጩት ነው?»

«ሽንኩርቱ ላይ ነዋ። ማሾውም አለ።»

«ሩዝ ዘርተዋል እንዴ?»

«ኧረ የምን ሩዝ! አፈሩ ተመርዟል አሉን እንጂ።»

«አፈሩን ማን ለካው?»

«ማንም አልለካው።»

ይህ ንግግር የጽሑፉን ችግር ከእኔ በላይ ይገልጸዋል። ያልተለካ አፈር፣ ያልተዘራ ሰብል፣ ያልታወቀ መጠን። እኚህ ሰው ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ሊያፈሱ ነው። የሚያሳስባቸው ነገር ግን እውነተኛ ነው፤ ልጆቻቸው ከዚያ ማሳ ነው የሚበሉት።

ስለ ጭማቂው አሠራርም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሙከራዎች ላይ በብዛት የሚሠራበት አዲስ የተቆረጠ ቅጠል ተጨምቆ፣ ተጣርቶ፣ አንድ እጅ ጭማቂ በሠላሳ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ነው። አብዛኛው ሥራም የተሠራው ሞሪንጋ ኦሌይፌራ በሚባለው፣ ከህንድ በኩል በመጣው ዓይነት ነው። ኮንሶ ለዘመናት የበላው የአገራችን ሽፈራው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው፤ ወገኑ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ሌላ ነው። የአንዱን ውጤት ለሌላው አንስቶ መስጠት አይቻልም። ጋሼን «ሽፈራውን ለልጆቹ ወጥ ያድርጉት፣ ሽንኩርቱ ላይ አይድከሙ» ብያቸዋለሁ። ጭማቂው ለእድገት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ለእድገት የሚረጨው ሰው ለእድገት ብሎ ይርጨው። ከመርዝ ይከላከልልኛል ብሎ ግን እንዳይተማመን።

አርሴኒክ የተረሳው ነገር

ጽሑፉ ካድሚየምና አርሴኒክን በአንድ መድኃኒት የሚድኑ አድርጎ አልፏል። እንዲያውም ሩዝ ላይ ትልቁ ራስ ምታት እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ መሆናቸው ነው።

ማሳው ውሃ ተኝቶበት ሲከርም አፈሩ ኦክሲጅን ያጣል። ያኔ ካድሚየም ከድኝ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ሥሩም ብዙ አያገኘውም። አርሴኒክ ግን በተቃራኒው ነው፤ የብረት ዝገት ላይ ተጣብቆ የነበረው ይለቀቅና ይሟሟል፣ ሩዙ ሲሊከን የተባለውን ንጥረ ነገር በሚያስገባበት መንገድ ተደባልቆ ይገባል። ማሳው ሲደርቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አርሴኒኩ ይታሰራል፣ ካድሚየሙ ይፈታል። ጃፓኖች ካድሚየም በሚያሰጋበት ማሳ ዛላ ከመውጣቱ በፊትና በኋላ ለሦስት ሦስት ሳምንት ውሃውን አስተኝተው ያቆያሉ። አርሴኒክ ያለበት ቦታ ይህንኑ ቢያደርጉ ግን ችግሩን ያብሱታል።

ለእኛ ይህ ትርጉም አለው። ቆላችን ውስጥ ሩዝ ቢገባ ውሃ ከሚተኛበት ይልቅ በዝናብና በመስኖ ደረቅ ማሳ ላይ የሚዘራበት ዕድል ሰፊ ነው። ደረቅ ማሳ ደግሞ ካድሚየም የሚፈታበት ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ዝርያና የውሃ አያያዝ ከማንኛውም ርጭት በፊት ይመጣል። ኮዴክስ ለተፈተገ ሩዝ የአርሴኒክ ጣሪያም አስቀምጧል፤ ኢንኦርጋኒክ የሚባለው መርዛማው ዓይነት በኪሎ ከ0.2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ። ቤት ውስጥ ሩዝን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት አርሴኒኩን ይቀንሰዋል። ካድሚየሙን ግን በዚያ መንገድ ይህን ያህል አይነካውም።

ፋብሪካዎቹን እንተዋቸው ስለሚለው

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። እንዲያውም ጽሑፉን እንድመልስ ያደረገኝ ይህ አንቀጽ ነው።

ሐሳቡ ምን ይላል? ፋብሪካው ፍሳሹን ይልቀቅ፤ ገበሬው ጭማቂ ገዝቶ ወይም ቀቅሎ ራሱን ይከላከል። ሲጠቃለል የፋብሪካውን ወጪ ገበሬው ይክፈል ማለት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚለው ተቃራኒውን ነው። የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ይገደዳል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። ይህ ጸሐፊው በበጎ ፈቃድ ለፋብሪካ የሚተዉት ነገር አይደለም። መብቱ የበሬሳ ዳር ገበሬ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ መምጣቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የስንት ወጣት እንጀራ ነው። ፋብሪካ ሁሉ ከባድ ብረት ይለቃል ማለትም አይደለም። ቆዳ የሚያለፋና ጨርቅ የሚያቀልም ከቢራ ጠማቂ ጋር አንድ ዓይነት ፍሳሽ የለውም። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ የቢራ ፍሳሽ ችግሩ ብስባሽና ሽታው ላይ ነው። ለዚህም ነው እያንዳንዱ በር ላይ የሚወጣው ውሃ ተለክቶ መታወቅ ያለበት። ማከሚያ ገንዳ ያለው ገንዳው በትክክል ይሠራ፣ የሌለው ይሥራ። ብረት አንዴ አፈር ከገባ በኋላ ማውጣት ምን ያህል እንደሚፈጅ ጃፓንን አይተናል። ከቧንቧው ጫፍ ላይ መያዝ ግን የሚቻል ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላ ምንጭም አለ። የፎስፌት ማዳበሪያ ከድንጋይ የሚሠራ ነው። ድንጋዩ በተፈጥሮው ካድሚየም ሊኖረው ይችላል፤ ከደለል ድንጋይ የተሠራው ከሌላው ከፍ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ብሎ በአንድ ኪሎ ፎስፌት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ገደብ አውጥቷል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ማዳበሪያ አንጠቀም እያልኩ አይደለም። የኛ ገበሬ የሚጨምረው መጠን ከሌላው ዓለም አንጻር ትንሽ ነው፣ ማዳበሪያ ከሌለ ደግሞ ምርት የለም። ወደ አገር ሲገባ ካድሚየሙ ይለካ፣ ያ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው የሚያስገባው አካል እንጂ ገበሬው አይደለም።

ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ከተፈለገ

ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ምንም አይረዳም ብዬ መደምደም ስሕተት ነው። የሚረዳ አለ፤ ቅጠል ላይ ሳይሆን አፈር ላይ ነው። በደንብ የበሰለ ብስባሽ ውስጥ ያሉ ሂዩሚክ ውህዶች ካድሚየምን ይዘው ያስቀሩታል። የሩዝ ገለፈት ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊከን ያለበት ውህድ ነው። ይህ አፈር ውስጥ ሲገባ ሲሊከኑ ከአርሴኒክ ጋር ለአንድ መንገድ ይሻማል፣ አርሴኒኩም ይቀንሳል። ከገለፈቱ የሚሠራ ከሰል ደግሞ ብረቶችን ይይዛል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ መጨመር ካድሚየሙ እንዳይሟሟ ያደርጋል። የቤት አመድም በመጠኑ ይህንኑ ያግዛል። ብስባሹ ግን ከከተማ ቆሻሻ የተሠራ ከሆነ ራሱ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገለፈቱም ቢሆን ንጹሕ ከሆነ ማሳ የመጣ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝርያ ነው። ጃፓኖች ኮሺሂካሪ የተባለውን የሩዝ ዝርያቸውን በአዮን ጨረር ነክተው ኤንራምፕ5 የማይሠራበት ሩዝ አግኝተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የታተመው። የዚያ ሩዝ ፍሬ ውስጥ ካድሚየም ከሞላ ጎደል የለም። እንግዲህ መርዙ አይገባም ማለት የሚቻለው እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ነው። የፎገራ ተመራማሪዎች የአገራችንን ዝርያዎች በዚህ ዓይን ቢፈትሹ ለወደፊቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበው ገበሬ ግን ያንን መጠበቅ የለበትም። አፈሩን ያስለካ። ናሙና አወሳሰዱ ከባድ አይደለም። ማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ ሄዶ ከ10 እስከ 15 ቦታ ላይ መቆፈር ነው። ጥልቀቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመንገድ ዳር፣ ከፍግ ክምርና ከአጥር ሥር አይወሰድ። አካፋው ዝገት ወይም ቀለም ያለበት አይሁን፤ ያ ራሱ ብረት ይጨምርና ውጤቱን ያበላሻል። የተወሰደው አፈር ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ይደባለቅ፣ ድንጋይና ሥር ይለቀም። ከዚያ አንድ ኪሎ ያህሉ በንጹሕ ፌስታል ታስሮ፣ የማሳው ቦታ፣ ቀኑና ጥልቀቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጥ። የመስኖ ውሃውም በተለየ ንጹሕ ጠርሙስ ይያዝ። የአፈሩ አሲዳማነት ብቻ እንኳ ቢታወቅ ኖራ ያስፈልግ አያስፈልግ ይለያል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ የት እንደሚላክ ያውቃል። ገበሬዎች በቡድን ሆነው ቢጠይቁ፣ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ጉዳዩን በጋራ እንዲያየው ቢጠይቁ ወጪውም ይቀላል፣ የሚሰማቸውም ይበዛል።

ለጸሐፊውም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሽፈራውም ይሁን ሳሊሲሊክ አሲድ ማሳ ላይ ተረጭቶ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ ተፈትጎ፣ የፍሬው ካድሚየም ተለክቶ ከጣሪያው በታች የወረደበት በእኛ አፈር የተሠራ ሙከራ ካላቸው ያውጡት። አንብቤ እመልሳለሁ። እስከዚያው ግን ፋብሪካዎቹን እንተዋቸው የሚለውን አንቀጽ ከጽሑፋቸው ቢያነሱት እወዳለሁ።